ለአደን የሰፋሁት ቦርሳ

ለብዙ ቀን አደን የሚሆን የጀርባ ቦርሳ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ማንገቻው ነው። ጨርቅ ቢቀደድ ይጣፋል፤ ማንገቻ ገደል አፋፍ ላይ ከተበጠሰ ግን ስንቁም ውሃውም ተከትሎ ይወርዳል። ይህን ስማር አንድም ቀን አደን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ጠይቄ፣ ለክቼ፣ ጣቴን በወስፌ ወግቼ ነው የተማርሁት፤ የተማርሁትም አንዲት ልጅ ለማግባት ብዬ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ።

በደርግ ዘመን፣ ገና ጢሜ ሳይሞላ፣ ባሕር ዳር የእጅ ሥራ መምህር ሆኜ ተመደብሁ። በዚያው ትምህርት ቤት አንድ አንጋፋ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ተማሪውም መምህሩም «ጋሼ» ነበር የሚላቸው። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ምንሽራቸውን ይዘው፣ ዱርቤቴን አልፈው፣ በስተምዕራብ ወዳለው ቆላ ለድኩላና ለጅግራ ይወርዳሉ። የብዙ ሰው ጠመንጃ ተሰብስቦ ቀበሌ በገባበት በዚያ ጊዜ የእሳቸው እንዴት እንደተረፈ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ የቀበሌው ሊቀመንበር የቀድሞ ተማሪያቸው ስለሆነ ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ከቆላ የሚያመጡትን ቋንጣ ብቻቸውን አይበሉትም ይላል።

ልጅቱ የእሳቸው ልጅ ነበረች። ኮሌጅ ትማር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ቤታቸው ካርታ ልዋስ ሄጄ፣ የግቢውን በር ስትከፍትልኝ ነው። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰምቼ ማጠፊያው ለምን እንደሚጮህና ምን ዓይነት ቅባት እንደሚያስፈልገው ቆሜ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣

«መምህር፣ አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚገባ ያስረዱኝ ወይስ ዝም ብለው ይገባሉ?» አለችኝ።

ገባሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የምዋሰው ካርታ በዛ።

በዓመቱ ጓደኞቿ ታሰሩ። እሷንም ቀበሌ ወሰዳት። ስትለቀቅ ፀጉሯ ተላጭቶ ነበር። አብረዋት ከገቡት መካከል ያልወጡም ነበሩ፤ ስለእነሱ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይጠይቅም። ኮሌጅ አልተመለሰችም። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ግቢ ውስጥ ትውላለች። የአብዮት ጥበቃዎች በዚያ ሲያልፉ ከበር ሆነው «አለች?» ይላሉ፤ እናቷ «አለች» ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ቀን «ትምጣ» ወደሚል እንደሚዞር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እኔም ለዚህ መፍትሔ አገኘሁ። ስሜ በመጥፎ አልተነሣም፤ የውይይት ክበብ ላይ አልቀርም፤ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ። የእንዲህ ያለ ሰው ሚስት ብትሆን ስለ እሷ የሚጠይቁት እኔን ነው፤ እኔም መልስ አላጣም። ቅደም ተከተሉን በሚገባ አወጣሁ፦ መጀመሪያ ከአባቷ ጋር አደን እሄዳለሁ፤ በረሃ አብሮ ያደረ ሰው ይተዋወቃል፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። ለእሷ አልነገርኋትም። ቀድሞ አባቱን፣ ኋላ ልጅቱን ነው ደንቡ።

አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ድፍረት አገኘሁና ጋሼን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ በጥር ዕረፍት ቆላ ሲወርዱ ቢወስዱኝ?»

«ጠመንጃ አለህ?»

«የለኝም።»

«ተኩስ ታውቃለህ?»

«ለመማር ዝግጁ ነኝ።»

ጥግ ላይ ተቀምጦ ኳስ የሚነፋው የስፖርት መምህር ሳቀ። «ይበሉ ይውሰዱት ጋሼ! ድኩላዋን ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳት ራሷ በእንቅልፍ ትወድቃለች።»

ጋሼ አልሳቁም። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ያን ጊዜ የወደዱኝ መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው እንደ መሣሪያ ነበር ያዩኝ።

«ጠመንጃ የለህም፤ እጅ ግን አለህ» አሉኝ። «የእኔ አቅማዳ አርጅቷል። ብዙ ቀን የሚያስኬድ፣ የማይበጠስ፣ ዝናብ የማያስገባ የጀርባ ቦርሳ ስፋልኝ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

በእኛ አገር የልጅቱ አባት ጎረምሳውን ሥራ ካዘዘው ነገሩ ገብቶታል፣ እምቢም አላለም ማለት ነው። አጥር እጠር ይለዋል፣ ወይ በሬ ጠፋኝ ፈልግልኝ ይለዋል። እኔን ቦርሳ ስፋ አሉኝ። ከዚያ ክፍል የወጣሁት እየሮጥሁ ነው።

ከመስፋቴ በፊት ምን ምን እንዳለ አየሁ። አቅማዳ፣ የፍየል ሌጦ ስለሆነ፣ ለዱቄትና ለበሶ የሚተካከለው የለም፤ ነገር ግን ዝናብ ሲመታው ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሽታው ደግሞ ጅብ ይጠራል። የማዳበሪያ ከረጢት ቀላል ነው፤ ሆኖም ጀርባ ላይ ይንሸራተታል፣ የሚታሰርበት ገመድም ትከሻ ይቆርጣል። የወታደር ቦርሳ ከሁሉም ይበልጣል። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ሰው ከጋቢው ሥር ገለጥ አድርጎ አሳየኝ፤ ስፌቱ ድርብ፣ ዘለበቱ ናስ። እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብሁት። ያን ጊዜ የወታደር ዕቃ ይዞ የተገኘ ሰው ከየት እንዳመጣው ሳይሆን ወዴት ሊሄድበት እንደነበር ነው የሚጠየቀው።

ስለዚህ ራሴ መሥራት ነበረብኝ። ሹም አቦ አካባቢ ካለ ጎሚስታ ቤት የጭነት መኪና አሮጌ ሸራ አገኘሁ። ሸራ ሲመረጥ ወደ ብርሃን ተይዞ ይታያል፤ ነጥብ ነጥብ ብርሃን ካሳየ ተበልቷል፣ አይሆንም። ጥሩውን ከመካከሉ ቆርጬ ወሰድሁ። ክሩን ከዓሣ አጥማጆች ለመንሁ፤ የመረብ ክር ውሃ አያበሰብሰውም። ለማንገቻው ከአንድ ቀበቶ ሰሪ የለፋ የበሬ ቆዳና ዘለበት ገዛሁ። በሐይቁ ዳር ካለ አንድ ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ደግሞ ከጧፍ የተረፈ ሰም ሰጡኝ።

«ለምን ይሆንሃል ልጄ?» አሉኝ።

«ሸራው ላይ ቀብቼ በእሳት ሙቀት ሳሰርገው ዝናብ አያስገባም አባ። ሞራም ይሆናል፣ ግን ሞራ በሙቀት ይሸታል፤ አውሬውም ከሩቅ…»

«ይበቃል፣ ይበቃል፤ እግዚአብሔር ያስርገው» ብለው መረቁኝና ገቡ።

ከትምህርት መልስ በየቀኑ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ። የሚያልፍ የሚያገድመው ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ እኔም እነግረዋለሁ። በክፍል ውስጥ ሳይቀር ስለ ድርብ ስፌት ሳስተምር ቦርሳውን ይዤ ገብቼ አሳየሁ። ለጋሼ እንደሆነ፣ ለአደን እንደሆነ፣ አብሬ እንደምሄድም ተናገርሁ። የስፖርት መምህሩ በኮሪደር ባገኘኝ ቁጥር «ዝሆን ልትከትበት ነው ወይስ አማትህን?» ይለኛል። ደስታዬን ለመደበቅ ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

ቦርሳው ሲያልቅ ለጋሼ ቤታቸው ወሰድሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እናቷ ደጅ ላይ ምስር ይለቅማሉ፤ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ፀጉሯ ትንሽ አድጎ ነበር።

አሁን የምናገረውን ለመረዳት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጋሼ የተማሩ ሰው ናቸው፤ የምድርን መሽከርከር በብርቱካን የሚያሳዩ ሰው ናቸው። በአደን ነገር ግን እንደ አያቶቻቸው ነበሩ። ሴት የአዳኝን ዕቃ ከነካች ገዱ ይሄዳል ይላሉ። አንድ ጊዜ ሊነሡ ሲሉ ባለቤታቸው የምንሽሩን ማንገቻ ሳያዩ ቢሻገሩት፣ በቅሎ ተጭና ሳለ «ቀርቷል» ብለው ዕቃቸውን አራግፈው ዕረፍቱን ሙሉ ቤት ዋሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ያልሰማ፣ ሰምቶም ያልሳቀ አልነበረም።

ቦርሳውን ተቀበሉኝ። ውስጡን አዩ፣ ማንገቻውን በሁለት እጃቸው ሳቡ፣ ውሃ አስመጥተው አፈሰሱበት። ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ወረደ።

«ስንት ቀን ስንቅ ይይዛል?»

«በሶና ዳቦ ቆሎ ከሆነ ከሳምንት በላይ ጋሼ።»

«ተንተርሰው ይተኙበታል?»

«ይተኙበታል። እንዲያውም ጀርባው ላይ ድርብ ሸራ ያደረግሁት…»

«ወንዝ ቢገባስ?»

«አፉ ከታሰረ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል።»

እንደዚያ የጠየቀኝ ተማሪ እንኳን አልነበረኝም። ትከሻቸው ላይ አደረግሁላቸው። ለእሳቸው በሜትር ለክቼ ነበርና ልክክ አለ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰፍቷል። ማንገቻዎቹን አቀራርባቸው። ቁመቱንም አሳጥረው።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ትከሻ እኮ…»

«አቀራርባቸው አልሁህ።»

«ቢቀራረቡ አንገትዎን ይይዝዎታል። ልኩ ከብብት እስከ ብብት ተወስዶ…»

«የምነግርህን አድርግ!» ብለው ጮኹ። ጮኸው አያውቁም ነበር።

አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ ነው እሷ ተነሥታ የመጣችው። «እስቲ እኔ ልሞክረው» ብላ ቦርሳውን ከአባቷ እጅ ወስዳ አዘለችው። እኔ በድንጋጤ ጋሼን አየሁ። የምንሽር ማንገቻ ተሻገረች ብለው ጉዞ የሰረዙ ሰው፣ ልጃቸው የአደን ቦርሳ አዝላ ፊታቸው ስትቆም ምንም አላሉም። እናትየው ምስሩን ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ማንገቻዎቹ ከትከሻዋ ወጥተው ክንዷ ላይ ወረዱ። ሳቀች። ከቀበሌ ከወጣች ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን ብቻ አየኋት።

«መምህር፣ ይህ ቦርሳ እኔን ተሸከመኝ እንጂ እኔ እሱን አልተሸከምሁትም» አለችኝ።

«ለሴት አልተለካም» አልኋት።

«እንግዲያማ ይለኩታ!»

ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም። እሷ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እኔም ማንገቻው ሊያርፍበት የሚገባውን ቦታ ሸራው ላይ ምልክት አደረግሁ። በዚህ መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠጋኋት፤ ለመጨረሻም ጊዜ። ጋሼ ከጀርባዬ ቆመው «እዚያ ላይ፤ አዎ እዚያው ላይ ስፋው» አሉ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩን ለራሴ አስረዳሁት። ማስረዳት አይቸግረኝም። ሽማግሌው ልቡ ራርቷል፤ ልጁ እንድትስቅ ብሎ ደንቡን ሳይቀር ተወ፤ ያውም በእኔ ፊት፣ እንደ ቤተሰብ ቆጥሮኝ። ማንገቻውን አቀራርቤ፣ ቁመቱን አሳጥሬ፣ ስፌቱን ደግሜ፣ በተባልሁት ቀን አደረስሁ።

የጉዞው ቀን ማለዳ ስንቄን በጨርቅ ቋጥሬ፣ አዲስ የሸራ ጫማ አድርጌ ቤታቸው ደረስሁ። እናትየው በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

«ጋሼ ተዘጋጁ እትዬ?»

«ትናንት ወርደዋል።»

«ትናንት? ዛሬ ነው ያሉኝ እኮ።»

«እንግዲህ ምን ላድርግህ ልጄ። ትናንት ወርደዋል።»

ከትከሻቸው በላይ አሮጌው አቅማዳ እንደተሰቀለ ይታየኛል። ቦርሳዬን ወስደውታል ማለት ነው። እሷስ ብዬ ጠየቅሁ። አክስቷ ታመው ዱርቤቴ ሄዳለች፤ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ወጥቶላታል። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ከጫማዬ አልተነሣም።

በሐይቁ ዳር ዞሬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። የደንገል ታንኳዎች ወደ ገበያ እንጨት ያመጣሉ። ዳቦ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ አየኋቸው። ምን እንዳጠፋሁ መረመርሁ፤ ምንም አላገኘሁም፤ ያም የበለጠ አናደደኝ። ትምህርት ሲከፈት የስፖርት መምህሩ ምን እንደሚል አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ እንዳሰብሁትም አለ፦ «ቦርሳው ሄደ፣ ተሸካሚው ቀረ!»

ጋሼ ከቆላ የተመለሱት ባዶ እጃቸውን ነው። ድኩላም ጅግራም የለም። ፊታቸው ከስቷል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ያለእኔ ለምን እንደሄዱ አልነገሩኝም፤ እኔም ስለ ቦርሳው ብቻ ጠየቅኋቸው።

«ጠፋ» አሉ።

«እንዴት ይጠፋል ጋሼ? ማንገቻው እኮ የበሬ ቆዳ ነው። ስፌቱም…»

«ጠፋ አልሁህ» ብለው ጠመኔያቸውን ይዘው ክፍል ገቡ።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከውስጥ ስለ ነፋስ አቅጣጫ ሲያስተምሩ ይሰማል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ በቅደም ተከተል የመጣልኝ፦ የቀረቡት ማንገቻዎች፣ ወንዝ ቢገባስ የሚለው ጥያቄ፣ ወደ ግድግዳ የዞሩት እናት፣ አንድም ቃል ያልተናገሩት ጋሼ። ገዱ ይሄዳል ብለው ያልተቆጡት አደን ስላልነበረ ነው። ቦርሳው ከመጀመሪያውም የእሷ ነበር። ከዱርቤቴ ወደ ቆላው፣ ከቆላውም ወደ ምዕራብ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ጋሼ ያውቃሉ፤ ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምሩት። ከዚያ ወዲያ ያለው ሱዳን ነው።

ለማዳን እኔም መንገድ አዘጋጅቼላት ነበር። እነሱ ሌላውን መንገድ መረጡ፤ ምናልባትም የተሻለው እሱ ነበር። ያቃጠለኝ ይህ አይደለም። የመረጥሁትን ሸራ አመኑት፤ ያሰረግሁትን ሰም አመኑት፤ የልጃቸውን ሕይወት በሰፋሁት ማንገቻ ላይ አንጠለጠሉት። እኔን ግን አላመኑኝም። ለምን ብዬ ብጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁ፦ ይህ ልጅ ለሁሉ ያስረዳል። ዕድል ሰጥቶ ዝም እል እንደሆነ ግን የሞከረኝ የለም።

ልጅቱ ከዱርቤቴ እንዳልተመለሰች ቀበሌ ሲያውቅ ጋሼን አሰሯቸው። ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። ስለ ቦርሳው ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበርና አልገረመኝም።

ሊቀመንበሩ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ አይመስልም። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ቦርሳ ሰፍተሃል ይባላል» አለኝ።

«ሰፍቻለሁ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ምን ዓይነት ቦርሳ ነው?»

ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። ከማንገቻው ጀመርሁ። አቅማዳን ከከረጢት አነጻጸርሁ፤ ሸራ እንዴት ወደ ብርሃን ተይዞ እንደሚመረጥ የእሱን መጋረጃ ይዤ አሳየሁት፤ የመረብ ክርን ከጥጥ ክር ለየሁለት፤ ስለ ሰምና ስለ ሞራ ልዩነት፣ ስለ ጅብ አፍንጫ ተናገርሁ። አንደኛው ጥበቃ አዛጋ። ድርብ ስፌትን በወረቀት ላይ ልስልለት እርሳስ ብጠይቀው ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ።

«ይበቃሃል! አሁን የት ነው ያለው?»

ጋሼ ምን ብለው እንደመለሱ አላውቅም። የእኔ ውሸት ከእሳቸው ውሸት ካልገጠመ ያልቅላቸዋል። ስለዚህ የቀረኝ እውነቱ ነበር፤ እሱንም እስከ የት ድረስ እንደምቆርጠው መለካት ነበረብኝ።

«እኔ ምን አውቄ ጓድ» አልሁ። «ስፋ አሉኝ፣ ሰፋሁ። አሳጥረው አሉኝ፣ አሳጠርሁ። አብረን እንወርዳለን ብለውኝ ስንቄን ይዤ ስመጣ ጥለውኝ ሄደዋል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነበር። እሷም አክስቷ ዘንድ ሄደች ተባልሁ። በከተማው መሳቂያ አደረጉኝ። ቦርሳዬን እንኳን የመለሰልኝ የለም።»

ድምፄ ተሰባበረ። ማስመሰል አልነበረም፤ ማስመሰል አልችልበትም። አንደኛው ጥበቃ በሳቅ ፈነዳ፤ ሌላውም ተከተለው፤ ሊቀመንበሩም እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ።

«ሙሽሪትም ቀረች፣ ድኩላውም ቀረ በለኛ!»

«አይ መምህር! አማቱ የፈለገው ቦርሳውን ብቻ ነው ለካ!»

«በል ሂድ» አለኝ ሊቀመንበሩ ዓይኑን እየጠረገ። «ሌላ ሚስት ፈልግ። ለእሷ ደግሞ ቦርሳ አትስፋላት።»

እያወቀ ነው ወይስ እየቀለደ? ዛሬም አላውቅም። ሳቃቸው እስከ መንገዱ ድረስ ተከተለኝ። በሕይወቴ ከተናገርሁት ሁሉ የሰው ነፍስ ያዳነው፣ እንደተናቅሁ ያወራሁት ያ ብቻ ነው።

ጋሼ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተለቀቁ። ስለ እኔ ምስክርነት የሰሙ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን በመምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ግን አልተናገሩም። ስለ እሷ ከየትም ወሬ አልመጣም። ቢመጣም ለእኔ አይነገርም ነበር።

በተከታዩ ዓመት ምንሽሩን እንዲያስረክቡ ታዘዙ። ከማስረከባቸው በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ቆላ ልውረድበት ብለው ሊቀመንበሩን ለመኑ። እሱም ሥጋውን ካመጡለት ብሎ ተስማማ። ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ በኮሪደር አስቁመው «ስንቅህን ያዝ» ያሉኝ። ልሂድ አልሂድ እያልሁ አላመነታሁም። ምን እንደምፈልግ አውቅ ነበር፤ በረሃው ላይ አንድ ቃል ይነግሩኛል።

ስንነሣ እናትየው የማዳበሪያ ከረጢትና የቃጫ ገመድ አምጥተው በእጃቸው ሰጡኝ።

«እትዬ፣ የአደን ዕቃ እኮ…» ማለት ጀመርሁ።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «ሊሄድ የሚችል ገድ ከዚህ ቤት ሄዷል።»

በቆላው ጋሼ አንድ ድኩላ መቱ። ነፍሱ ሳይወጣ ደርሰን፣ በስመ ሥላሴ ብለው ባረኩት፤ ሳይባረክ ከሞተ አይበላምና ሮጠን ነበር። ቆዳውን ገፍፈን፣ ሥጋውን መትረን ከረጢቱ ውስጥ ከተትነው። ተሸካሚው እኔ ነበርሁ። ገደሉን ስንወጣ ከረጢቱ ጀርባዬ ላይ ይንሸራተታል፤ ደሙ በስፌቱ በኩል ወደ ወገቤ ይወርዳል፤ ገመዱ ትከሻዬን እንደ ቢላ ይቆርጠኛል። ቦርሳዬ ቢሆን ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። ከገደሉ አጋማሽ አንዲት ዋርካ አለች፤ እዚያ ጥላ ሥር አረፍን።

ጋሼ ሸሚዜን ከትከሻዬ ገለጥ አድርገው የገመዱን ቁስል አዩ።

«ማንገቻ ሰፊ ካልሆነ ይቆርጣል ትል ነበር» አሉ።

«እል ነበር።»

ወደ ምዕራብ ያለው ቆላ በሙቀት ይንቀጠቀጣል፤ መጨረሻው አይታይም።

«እዚህች ዋርካ ሥር ነው ቦርሳውን ያሳዘልኋት» አሉ በመጨረሻ። «ወደ ሱዳን ከሚሻገሩ ነጋዴዎች ጋር ከመሄዷ በፊት። ዘለበቱን ራሷ አጠበቀችው። ልክ ነው አለች።»

ወደ እሳቸው ዞርሁ። «ሌላስ ምን አለች?»

«ልክ ነው አለች» አሉ ጋሼ። ምንሽራቸውን አንሥተው ቀድመውኝ ገደሉን መውጣት ጀመሩ።

ስለ ልክ ብዙ ማስረዳት እችል ነበር። ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርሁና፣ የሊቀመንበሩን ሥጋ ተሸክሜ ተከተልኋቸው።